አምስት ምት፦ የሴፕቴቶ ናሲዮናል ምሰሶ

ሰላም ሰላም ቤተሰቦች! መጀመሪያ ይህችን ስሙልኝ። ጣ... ጣ... ጣ... ጣ፣ ጣ። እንደገና። ጣ... ጣ... ጣ... ጣ፣ ጣ። አምስት ምት፣ ሁለት እንጨት። ክላቬ ትባላለች።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሴፕቴቶ ናሲዮናል ነው። በፈረንጆቹ 1927 ባስ ተጫዋቹ ኢግናሲዮ ፒኜሮ የኩባ ዋና ከተማ ሃቫና ላይ ያቋቋመው፣ ሶን የሚባለውን የኩባ የዘፈንና የዳንስ ስልት የሚጫወት ባንድ ነው።

ጎጆ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዳ ሲገባ መደቡን ያያል፣ ሌማቱን ያያል፣ ረከቦቱን ያያል። ምሰሶውን ማን ልብ ይለዋል? ልጅ ይደገፈዋል፣ ጋቢ ይሰቀልበታል፣ በቃ። ጣሪያው በሙሉ ያረፈው ግን እሱ ላይ ነው። ክላቬ ለሶን እንደዚያ ናት። ትሬስ የምትባለው ባለ ጥንድ ክር ጊታር ትዞራለች፣ ቦንጎ የሚባለው ጥንድ ከበሮ ይንጣጣል፣ ባሱ ቀደም ብሎ ይገባል፣ ዘፋኙ ሲያወርድ ተቀባዮቹ ይቀበላሉ። ሁሉም ምሰሶዋን ይዘው ነው። አምስቱ ምቶች ሦስትና ሁለት፣ ወይም ሁለትና ሦስት ሆነው የሚከፈሉበትን ባለፈው ቪዲዮ አይተነዋል፤ ያመለጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ እዩት።

«ይሄ ሳልሳ አይደል እንዴ? ሳልሳ ደግሞ የኒውዮርክ ነው» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እዚህ ጋ እንቁም፣ ነገሩ ያንገበግበኛል። ሳልሳ የሚለው ስም ኒውዮርክ ላይ መግነኑ እውነት ነው፤ የፖርቶ ሪኮ ልጆችም ብዙ ጨምረውበታል። አጥንቱ ግን ሶን ነው፤ ሶን ደግሞ ከምሥራቅ ኩባ ተነሥቶ ሃቫና የገባ ነው። ቃሉንስ ብትሉ? ፒኜሮ ራሱ በ1930ዎቹ መጀመሪያ «ኤቻሌ ሳልሲታ» የሚል ዘፈን ደርሷል። «ስጎ ጨምርበት» ማለት ነው! የቋሊማ ሻጭ ዘፈን ናት። በ1932 አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆርጅ ገርሽዊን ሃቫና ሄዶ ዜማዋን ሰማ፤ «የኩባ ኦቨርቸር» በሚለው የኦርኬስትራ ሥራው ውስጥም አስገባት። ከመንገድ ዳር ቋሊማ እስከ ኦርኬስትራ!

የባንዱ አባላት መጀመሪያ ስድስት ነበሩ። ላዛሮ ኤሬራ ትራምፔቱን ይዞ ሲመጣ ሰባት ሆኑ። ፒኜሮ በ1969 አረፈ፤ ዛሬ ከመሥራቾቹ አንድም የለም። ባንዱ ግን አለ፤ ታናሹ የታላቁን ቦታ እየተረከበ ይጫወታል። ለእኔ ትልቁ ውርሳቸው ይሄ ነው፤ ሰው ተቀየረ፣ ምሰሶው አልተነቀለም።

አሁን ሲጫወቱ እዩአቸው። ትራምፔቱን ለጊዜው ተዉትና የክላቬ መቺውን ግራ እጅ ተመልከቱ። መዳፉን እንደ ስኒ አጎድጉዶታል፤ አንዷ እንጨት ጣቶቹ ላይ ላላ ብላ ተኝታለች። ጨምቆ ቢይዛት ድምፅዋ ይታፈናል።