እንጀራ ያልሆኑት ድንጋዮች

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን ለዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት፣ ለምኵራብ፣ በሰላም አደረሳችሁ።

በዚህ ወራት በጎንደር አድባራት ከበሮውና ጸናጽሉ ተቀምጦ ሊቃውንቱ ጾመ ድጓውን፣ የጾሙን የዜማ መጽሐፍ፣ በመቋሚያ ሲዘምሙ እንሰማለን። በአቋቋም፣ ከበሮና ጸናጽል በሚታጀበው የዝማሬ ትምህርቷ፣ ለምትታወቅ ከተማ ከዚህ የበለጠ የጾም አዋጅ ያለ አይመስለኝም። እኛ ግን ጾማችንን የምንመረምረው ብዙ ጊዜ በሰዓትና በማዕድ ብቻ ነው፤ ቅዳሴ እስኪወጣ ቆይቻለሁ ወይ፣ ዳቦው ቅቤ ነክቶት ይሆን ወይ እንላለን። መጠየቁ ደግ ነው፤ ሥርዓቱን ለማቃለል አልቆምሁም። ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ የተወልን አብነት ግን ከዚህ አልፎ ይሄዳል።

መምህራኖቻችን ስስትን በትዕግሥት፣ ትዕቢትን በትሕትና፣ ፍቅረ ነዋይን በጸሊአ ነዋይ፣ ማለት ገንዘብን መውደድን ገንዘብን በመጥላት፣ ድል እንደ ነሣ ያስተምሩናል። እኔ ዛሬ በመጀመሪያው ላይ ልቆይ። ፈታኙ ድንጋዮቹን እንጀራ እንዲያደርጋቸው ሲጠይቀው፣ እንጀራ መብላት በራሱ ኃጢአት አልነበረም፤ የተራበ መብላቱም የሚያስነቅፍ አይደለም። ቢሆንም ጌታችን ኃይሉን ለገዛ ራሱ ረኃብ አላዋለውም። ያው ጌታ በኋላ በ5 እንጀራና በ2 ዓሣ 5,000 ሰው መግቧል። በቃና ውኃውን ወይን ያደረገው እርሱ በሲካር ጕድጓድ አጠገብ ደክሞት ሲቀመጥ ሳምራዊቷን ሴት ውኃ አጠጪኝ ብሎ ለመናት። በጌቴሴማኒም ከ12 ጭፍራ የሚበልጡ መላእክትን አብን ለምኖ ማስመጣት ሲችል እጁን ለሚይዙት ሰጠ። ለሌላው የሰፋው ኃይል ለራሱ ሲሆን ተሰበሰበ።

እንግዲህ ራሳችንን በዚህ እንመዝን። ከመካከላችን በማንም ላይ ሥልጣን የሌለው ሰው አለን? ሁዳዴ ሲገባ ምስሩና ዘይቱ እንደሚፈለግ አውቆ በመጋዘን የሚያቆይ ነጋዴ፣ እርሱ ራሱ ከሥጋና ከወተት ቢከለከልም፣ ድንጋዩን ለራሱ እንጀራ አድርጎታል። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ሌሊት ከገጠር የተነሣውን፣ እህል ያልቀመሰውን ባላገር፣ ጉዳዩ በአንድ ፊርማ የሚያልቅ ሆኖ ሳለ፣ «ነገ ተመለስ» የሚል ባለ ጠረጴዛም እንዲሁ ነው። በየቤታችን ደግሞ እንደ እኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ፣ የሁላችንን ሽሮ ሠርታ፣ እርሷ መጨረሻ የምትቀመጥ ሠራተኛ አለች። እንደ እኔ መድረክ የተሰጠውም ከዚህ አያመልጥም፤ ምላስ ሥልጣን ነው፣ በሰው ፊት ሌላውን ለማሳነስ ብዙ አያስቸግርም።

ይህን ስሰማ ወዲያው የጎረቤቴ ፊት ከመጣብኝ ምርመራው ገና አልተጀመረም። ጌታችን በምሴተ ሐሙስ ከእናንተ አንዱ ያሳልፈኛል ሲል ደቀ መዛሙርቱ ይሁዳን አላመለከቱም፤ እያንዳንዱ «ጌታ ሆይ፥ እኔ እሆንን?» አለ። በዚያችው ሌሊት፣ ዮሐንስ እንደ ጻፈው፣ አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው አውቆ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ እግራቸውን አጠበ፤ ይሁዳም በማዕዱ ነበረ። ሁሉን የያዘው እጅ የሠራው ሥራ ይህ ነው፤ «ምሳሌ ሰጥቻችኋለሁ» ያለውም ይህን ፈጽሞ ነው።

ስለዚህ እስከ ጸሎተ ሐሙስ ባሉት ሳምንታት ወደ ንስሐ አባቶቻችን ስንቀርብ የበላነውንና ያልበላነውን ብቻ አንቁጠር፤ በእጃችን ያለው ማን እንደ ሆነና ምን እንዳደረግንበት እንንገራቸው። ዋጋ የጨመርንበት ደንበኛ በሰፈራችን ካለ፣ ያመላለስነው ባለጉዳይ አድራሻው በመዝገባችን ካለ፣ አስቀድመን እርሱን እንፈልገው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።