ጣሪያው ሲያፈስ ተከራይ መጀመሪያ ምን ያድርግ?

(ምስል፦ ነጭ የአፓርታማ ጣሪያ። መሃሉ ላይ ቡና የተደፋበት የሚመስል ቢጫ ክብ።)

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ይህን ክብ እዩት። እኔ ቤትም የጀመረው እንዲህ ነው፤ መዳፍ የምታክል እርጥበት። "ነገ እነግራቸዋለሁ" ብዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። የሌሊት ሺፍት ነበረኝ። ጠዋት ስመለስ የጣሪያው ጂፕሰም ወርዶ ሶፋው ላይ ተኝቷል። እናቴ የላከችልኝ የሀበሻ ቀሚስ ሻንጣ ውስጥ ነበር። የጥለቱ ቀለም ለቆ ነጩን ሸማ አበላሽቶታል።

ወደ ማኔጅመንት ቢሮው ሮጥኩ። "ሕንፃው ኢንሹራንስ አለው አይደል?" አልኳቸው። አለው። ግን እሱ የሚያሠራው ጣሪያውንና ግድግዳውን ነው። የእኔ ዕቃ አይመለከተውም። እኔ ደግሞ የራሴ አልነበረኝም።

ዛሬ የማወራው እዚህ አሜሪካ፣ በተለይ እኛ በብዛት ባለንበት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ተከራይተው ለሚኖሩ ነው። የሚያስፈልገን ሬንተርስ ኢንሹራንስ ይባላል። የእናንተን ዕቃ ይሸፍናል። ቤቱ መኖሪያ የማይሆን ከሆነ የሆቴሉን ተጨማሪ ወጪ ይከፍላል። ሦስተኛው የሚረሳው ነው፦ እናንተ ሌላ ሰው ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳትም ይሸፍናል።

(ምስል፦ ስልክ የያዘ እጅ፣ የረጠበ ምንጣፍ ሲቀርጽ።)

እሺ፣ ውሃው መጣ። መጀመሪያ ምን? ከሕይወት የሚበልጥ ዕቃ የለም፤ ውሃው ወደ መብራት መስመር ከቀረበ ውጡ። አደጋ ከሌለ ግን ከማጽዳታችሁ በፊት ቅረጹ። እኛ ቤታችን ተበላሽቶ ሰው እንዲያይብን አንፈልግም፤ ወዲያው መወልወል ነው የሚቀናን። ቆዩ። ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ እያንዳንዱን ዕቃ በቪዲዮ ያዙ። ከዚያ የተረፈውን ወደ ደረቅ ቦታ አንሱ፤ ጉዳቱ እንዳይብስ መከላከል በኢንሹራንስ ውሉ የተጣለባችሁ ግዴታ ነው። የተበላሸውንም አጀስተሩ (ጉዳቱን የሚገምተው የኢንሹራንስ ባለሙያ) ሳያየው ወይም ፈቃድ ሳይሰጣችሁ አትጣሉ።

በዚያው ቀን ሁለት ቦታ ታሳውቃላችሁ፦ ለአከራዩና ለኢንሹራንሱ። ለአከራዩ በስልክ ብትደውሉም በኢሜይል ድገሙት። ለጥገና ሠራተኛው ኮሪደር ላይ መንገር በቂ አይደለም፤ በኋላ ማስረጃ የላችሁም። የቨርጂኒያ ሕግማ ተከራይ እርጥበትና ሻጋታ ሲያይ ሳይዘገይ ለአከራዩ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የትኛው ክፍል፣ ምን እንዳያችሁ፣ ፎቶው። ከኢንሹራንሱ ደግሞ የክሌም (የካሳ ጥያቄ) ቁጥር ተቀበሉና ያነጋገራችሁትን ሰው ስም ጻፉ።

አንድ ነገር አደራ። ውሃው ከእናንተ ቤት ወደ ታች ፈስሶ ከሆነ፣ የታችኛው ጎረቤት በር ላይ ቆማችሁ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ እከፍላለሁ" አትበሉ። አስተዳደጋችን ነው፣ አውቃለሁ። ደህንነታቸውን ጠይቁ፣ አግዟቸው። ነገር ግን ሳታማክሩት በራሳችሁ ቃል የገባችሁትን ክፍያ ኢንሹራንሱ ላይቀበለው ይችላል።

(ምስል፦ ደብተር ላይ በእጅ የተጻፈ የዕቃ ዝርዝር።)

ዝርዝሩ ላይ ጊዜ ውሰዱ። "ልብስ፣ 800 ዶላር" ብሎ መጻፍ ገንዘብ ማጣት ነው። ጫማ፣ ስንት ጥንድ፣ መቼ ተገዛ፣ በስንት? ደረሰኝ ከሌለ የባንክ ስቴትመንት አለ፤ የልደት ቀን ፎቶ ላይ ከጀርባ የሚታየው ቴሌቪዥንም ይረዳል። ጀበናውንና መሶቡንም አትርሱ።

ክፍያው እንዲህ ይሰላል። ጉዳቱ 2,400 ዶላር፣ ዲዳክቲብላችሁ (ከራሳችሁ ኪስ የምትችሉት ድርሻ) 500 ነው እንበል። የሚከፈላችሁ 1,900 ነው። ግን 2,400 የተባለው በየትኛው ዋጋ ነው? ውላችሁ የዕቃውን የአሁን ዋጋ የሚከፍል ከሆነ የአምስት ዓመት ሶፋ እንደ አሮጌ ሶፋ ይታሰባል። አዲስ መተኪያ የሚከፍለው ውል በወር የምትከፍሉትን ትንሽ ይጨምራል፤ እኔ እሱን ነው የምመክረው። እሱም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የአሮጌውን ዋጋ ሰጥቶ ልዩነቱን የሚጨምረው አዲሱን ገዝታችሁ ደረሰኝ ስታሳዩ ነው።

አሁን የማይሸፍነው። የፈነዳ ቧንቧ ይሸፈናል፤ ከውጭ የገባ ጎርፍ ግን አይሸፈንም። የመንግሥት የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል። የተከራይን ዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ቀን በኋላ ነው ሥራ የሚጀምረው። ቤዝመንት የምትኖሩ ግን ልብ በሉ፦ በአራቱም ጎን ከመሬት በታች በሆነ ክፍል ውስጥ ያለ አልጋና ሶፋ በዚህም አይከፈልም። ስለዚህ ሻንጣና ሰነድ ወለል ላይ አታስቀምጡ።

ወርቅ ያላችሁ፣ ለተሰረቀ ጌጣጌጥ ብዙ ውሎች 1,500 ዶላር አካባቢ ላይ ያቆማሉ። የሠርግ ወርቃችሁን ውሉ ላይ ለብቻው በዝርዝር አስመዝግቡ። በደባልነት የምትኖሩም የጓደኛችሁ ኢንሹራንስ ስማችሁ ከሌለበት የእናንተን ዕቃ አይከፍልም።

(ምስል፦ "ክሌሙ ውድቅ ሆኗል" የሚል ደብዳቤ።)

እምቢ ካሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የትኛው የውሉ አንቀጽ እንደሆነ ይጥቀሱላችሁ። ካልተስማማችሁ ቨርጂኒያ ውስጥ በስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ስር ያለው የኢንሹራንስ ቢሮ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሜሪላንድ ኢንሹራንስ አድሚኒስትሬሽን አቤቱታ ይቀበላሉ። ክፍያ የለውም። ኢሜይላችሁን፣ ፎቶውንና የክሌም ቁጥሩን አያይዛችሁ ላኩ።