«ታዘብኩ» የተባለው ውሻችን እና የአባባ ሰባተኛ ዓመት

ወንድም፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው የምንቀዳው። ከበስተጀርባ የወፍ ድምፅ ከሰማችሁ ይቅርታ፤ መስኮቱን ከዘጋነው ሙቀቱን አንችለውም። የዛሬው ርዕሳችን ተዝካር ነው። አያታችን አባባ ካረፉ ሰባተኛ ዓመታቸው እየደረሰ ነው። ስንት ሰው እንጥራ፣ በድሮው ወግ ነው ወይስ እንደ ዛሬው አጠር አድርገን፣ እኔና እኅቴ እንመክራለን።

እኅት፦ እንመክራለን። ከዚያ በፊት ግን፣ ውሮ ዛሬ ዓሣ ቀመሰች?

ወንድም፦ አልቀመሰችም።

እኅት፦ አድማጮቻችን፣ የወንድሜ ድመት ሦስት ዓመቷ ነው። ከጣና ዳር በእግር አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው ቤቷ። ቆሮሶ ቀርቦላታል፣ አምባዛ ቀርቦላታል፤ አሽትታ ትሄዳለች።

ወንድም፦ ሽሮ ሲንተከተክ ከሰማች ግን ከጣራ ላይ ትወርዳለች። ፍትፍት አድርጌ ሳቀርብላት ድስቱን ጭምር ትልሳለች። ምን ላድርጋት እታለም፣ የምትወደውን ነው የምሰጣት።

እኅት፦ ጥሩ አደረግህ። እንስሳ ያደገበትን ቤት ጠባይ ይይዛል። ታዘብኩም እንዲሁ ነበር፤ የአባባን ጠባይ ነው የያዘው። ተዝካሩ ይቆየንና ስለ ታዘብኩ ላውራ።

ወንድም፦ አውቄዋለሁ፤ ርዕሱን ስነግርሽ ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ።

እኅት፦ ታዘብኩ የአባባ ውሻ ነበር፤ ስሙ ነው እንግዲህ። እዚህ ጎጃም፣ ሌላም አገር ቢሆን፣ የድሮ ሰው ለውሻው እንዲያው ስም አያወጣም። ለጎረቤቱ ፊት ለፊት ሊለው የማይፈልገውን ነገር በውሻው ስም ይልካል። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ቆሞ ውሻውን ይጠራል፤ ጎረቤት ይሰማል፤ ነገሩ ይደርሳል። ማንም ማንንም አልሰደበም።

ወንድም፦ ምክንያቱ ማንጎው ነው።

እኅት፦ ማንጎው ነው። አባባ በእጃቸው የተከሉት ማንጎ አድጎ አንዱ ቅርንጫፍ አጥሩን ተሻገረ። ጎረቤታችን ሽማግሌ ደግሞ ቅጠሉ እየረገፈ አሸንዳቸውን ደፈነባቸው። በ2004 ዓ.ም. አባባ ለልቅሶ ዘጌ በሄዱበት ቀን መጥረቢያ አንስተው ቅርንጫፉን ቆረጡት። ፍሬ እንደያዘ! አባባ ሲመለሱ አዩት። አንዲት ቃል አልተናገሩም። ወር ሳይሞላ ግን በኮታቸው የጠቀለሉት ቡችላ ይዘው ገቡ። ባለቤታቸው እምዬ «ምን ልትሉት ነው?» ስትላቸው «ታዘብኩ» አሉ።

ወንድም፦ በኮት ሳይሆን በካርቶን ነው ያመጡት።

እኅት፦ በኮታቸው ነው። ኮቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ቡችላው ሸንቶበት ነበር።

ወንድም፦ እሺ፣ በኮት ይሁን። ካርቶን ግን አያለሁ እኔ፣ ዓይኔ ላይ አለ።

እኅት፦ አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለሱ ታሪኩ አይገባም። አባባና ጎረቤታችን የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁለቱም ጎረምሶች ነበሩ፤ በአንድ ጊዜ ገቡ፣ ሽመና ክፍል ጎን ለጎን ሠሩ፣ በአንድ ፈረቃ ወጡ። የሽመና መኪና ጩኸት ደግሞ ጆሮ ይበላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ጩኸት መካከል ሲነጋገሩ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ቀስ ብለው መናገር አልቻሉም። ሁለቱም በከፊል ደንቁረው ነበር። ስለዚህ አባባ «ታዘብኩ! ና ግባ!» ሲሉ ጎረቤታችን ብቻ አልነበረም የሚሰማው፤ መንደሩ ሁሉ ነው።

ወንድም፦ እኔ ትምህርት ቤት ልጆች «ታዘብኩ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር።

እኅት፦ ከዚያ ጎረቤታችንም ውሻ አመጡ። ጥቁር፣ ትንሽ፣ እግረ አጭር። የመጀመሪያውን ማታ አስታውሳለሁ፤ ቡና እያፈላን ነበር። አባባ ወጥተው «ታዘብኩ!» አሉ። ከአጥሩ ማዶ ወዲያው «ምን በደልኩ!» የሚል ድምፅ መጣ። «ምን በደልኩ! ና ግባ!»

ወንድም፦ እምዬ ረከቦቱን ይዛ ሣቀች፤ ሲኒዎቹ ተንቀጫቀጩ።

እኅት፦ በየማታው ነበር እኮ! «ታዘብኩ!» «ምን በደልኩ!» ሦስት ዓመት ሙሉ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ አይለዋወጡም። ማታ ግን በውሾቹ በኩል ይነጋገራሉ። አንዱ ቢዘገይ ሌላው ይጠብቀዋል። አንድ ቀን አባባ ጉንፋን ይዟቸው ሳይወጡ ቀሩ፤ ጎረቤታችን «ምን በደልኩ!» አሉ፣ ዝም። ደግመው «ምን በደልኩ!» አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠሩ አባባ ከአልጋቸው ተነሥተው በጋቢያቸው ወጡና «ታዘብኩ!» ብለው ተመልሰው ተኙ።

ወንድም፦ ይህን አላውቅም ነበር።

እኅት፦ አንተ ተኝተህ ነበር። ውሾቹ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወዳጆች ነበሩ። በአጥሩ ሥር ቀዳዳ ቆፍረው ይመላለሱ ነበር። ታዘብኩ እዚያ ይበላል፣ ምን በደልኩ እዚህ ይበላል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል አይደል? እነሱ ለሁለቱም ቤት ይጮሁ ነበር።

ወንድም፦ ወደ ተዝካሩ ብንመለስ…

እኅት፦ ተዝካሩ ይኸው ነው እኮ፣ አትቸኩል። በ2007 ዓ.ም. እምዬ አረፈች። ጥሩምባው ጎሕ ሳይቀድ ተነፋ። ከዕድሩ ሰዎች ቀድመው ድንኳኑን ሊተክሉ የደረሱት ጎረቤታችን ናቸው። ካስማውን በእጃቸው መቱ። አግዳሚ ወንበሩን ተሸከሙ። ንፍሮው ሲቀቀል ለሊቱን ከእንጨቱ አጠገብ አልተለዩም። ከአባባ ጋር ግን አልተነጋገሩም፤ አጠገባቸው ተቀምጠው ዝም አሉ። በሰልስቱ ማታ ድንኳኑ ሰው ሞልቶታል። አባባ እንደ ልማዳቸው ውሻውን ሊያስገቡ ተነሡ። በሩ ላይ ቆሙ። ስሙን ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ… አልቻሉም። እዚያ ተቀምጠዋላ ሰውየው! ሦስት ቀን ሙሉ ሳይተኙ ያገለገሏቸው ሰው! «ና አንተ» አሉ፣ «ና እንግዲህ» አሉ። ውሻው በዚያ ስም ተጠርቶ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ያያቸዋል።

ወንድም፦ ይህን አስታውሳለሁ።

እኅት፦ ጎረቤታችን ከአግዳሚው ላይ ሳይነሡ፣ በዚያ በፋብሪካ ድምፃቸው፣ «ታዘብኩ! ና ግባ፣ ጌታህ እየጠሩህ ነው!» አሉ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ከዚያ አባባ ሣቁ። እምዬን በቀበሩ በሦስተኛው ቀን ሣቁ፤ እንባቸው እየወረደ። ለቀስተኛው ሁሉ ሣቀ። ያን ሣቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ወንድም፦ በዚያ ታረቁ።

እኅት፦ አልታረቁም።

ወንድም፦ እታለም፣ ታርቀዋል! ሽማግሌ ተቀምጦ፣ አባባ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ነኝ ጠላ የቀዳሁት።

እኅት፦ ያ የሌላ ሰው እርቅ ነው፤ አባባ ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡበት። በእነሱ መካከል እርቅ የሚባል ነገር አልተደረገም። ማንም ስለ ማንጎው ዳግመኛ አላነሣም። በማግሥቱ ጠዋት ብቻ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሁለቱን ውሾች አስከትለው ወደ ሐይቁ ሄዱ። የደንገል ታንኳዎች ሲመለሱ ዓሣ አጥማጆቹን እያዩ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሆነ። የውሾቹን ስም አልቀየሩም፤ ማታ ማታ መጣራቱም አልቀረም።

ወንድም፦ ጠላ መቅዳቴን ግን አልተውም።

እኅት፦ መቅዳትህን አልካድኩም፤ ለማን እንደቀዳህ ነው። አባባ በ2011 ዓ.ም. ሲያርፉ ምን በደልኩ ቀደም ብሎ ሞቷል። ታዘብኩ ነበረ። እኛ ልጆቹ በሐዘን ላይ ነን፤ ውሻውን ማን ያስታውሰዋል? የመጀመሪያው ማታ፣ አባባ በሚወጡበት ሰዓት፣ ከማዶ «ታዘብኩ! ና ግባ!» ሲባል ሰማን። አባባ የመጡ ነው የመሰለኝ! እንዲያ ያለ ድምፅ ነው፤ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ድምፅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ እሳቸው ናቸው የጠሩት፣ እሳቸው ናቸው ያበሉት። እኔ ሐዘኔን የቻልኩት በዚያ ነው። ፎቶግራፍ ሳይ አለቅሳለሁ፤ ያን ጥሪ ስሰማ ግን አባባ ቤት ገብተው በሩን የዘጉ ያህል እረጋ ነበር።

ወንድም፦ አምና ሞተ፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ማንጎው ሥር ቀበርነው።

እኅት፦ ስለዚህ ነው በሰባተኛው ዓመት ስሙ ይነሣ የምለው።

ወንድም፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ታዘብኩን ካንቺ ያላነሰ ወድጄዋለሁ። ግን ተዝካር ለተጠመቀ ሰው ነው። ካህናቱ ፊት የውሻ ስም ማንሣት ነውር ነው፤ አባባም ቢኖሩ አይወዱትም።

እኅት፦ ፍትሐት ይደረግለት አላልኩም እኮ! ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ጸበል ጻዲቁ ተቀምሶ፣ ሰው በድንኳን ውስጥ ስለ አባባ ሲያወራ ለማለት ነው። ያለ ታዘብኩ ስለ አባባ ምን ሊወራ ነው? የፋብሪካ የሥራ ዘመናቸው?

ወንድም፦ ካህናቱ ከሄዱ በኋላ ከሆነ… አስብበታለሁ። ፎቶግራፉን ግን ከአባባ ፎቶግራፍ ጎን አናደርገውም።

እኅት፦ ከሥሩ እናድርገዋ።

ወንድም፦ አስብበታለሁ አልኩ። አሁን ወደ ርዕሳችን! ሰልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያለ ይሄዳል። ትልቁ አርባው ነው፤ እሱን በወጉ አውጥተናል። ሰባተኛው ዓመት ደግሞ የመጨረሻው ትልቅ መታሰቢያ ነው፤ ስለዚህ ድንኳን ተጥሎ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ የፋብሪካ ጓደኞቻቸው ከነልጆቻቸው ተጠርተው ቢሆን እላለሁ። ዳጋ እስጢፋኖስ ሄጄ የነገሥታቱን አጽም አይቻለሁ። ዘርዓ ያዕቆብ አሉ፣ ፋሲለደስ አሉ፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በደሴት ላይ፣ መነኮሳት እየጠበቋቸው። ረጅም የጀልባ መንገድ ነው፤ ስመለስ ያሰብኩት አባባን ነበር። የእሳቸውን ስም የሚጠብቅ ገዳም የለም፤ እኛ ነን።

እኅት፦ እኔ ሴት ስለሆንኩ ዳጋ አልገባም፤ አንተ አይተህ ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል። ግን ድግሱ ይቅር። የጤፉን ዋጋ ታውቀዋለህ። ለነዳያን እናብላ፣ ለቤተ ክርስቲያን ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ እንስጥ፣ ጎረቤት በቤታችን ይቅመስ፤ በቃ።

ወንድም፦ የፋብሪካ ጓደኞቻቸውስ?

እኅት፦ የቀሩት ስንት ናቸው? እነሱ ቤት ይበቃቸዋል።

ወንድም፦ ቀኑ ደግሞ ዓርብ ላይ ይውላል። የጾም ነው የሚሠራው።

እኅት፦ ዓሣ እንሥራ እንዳትለኝ፤ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር በአባባ ቀን አልፈልግም።

ወንድም፦ ሽሮ ይሁን። ውሮም ትጠራለች።

እኅት፦ ውሮ የክብር እንግዳ ናት! በነገራችን ላይ፣ ባለፈው ቅዳሜ ስለ ዝግጅቱ ላማክራቸው ጎረቤታችን ዘንድ ልሄድ ነበር። ሳልነግርህ ቀረሁ።

ወንድም፦ ምን አሉሽ?

እኅት፦ አልደረስኩም። ከበረንዳው ስወርድ መሽቷል፤ ያች ሰዓት ናት። በከዘራቸው ተደግፈው አጥሩ ዳር ቆመዋል። እኔን አላዩኝም። «ታዘብኩ!» አሉ።

ወንድም፦ ውሻው መሞቱን ረስተው ነው?

እኅት፦ ኧረ ምን ረስተው! አብረውን ነው የቀበሩት፤ አፈሩን ያለበሱት እሳቸው ናቸው። «ታዘብኩ!» ብለው ቆሙ፤ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሯቸውን ወደኛ ግቢ አዘነበሉ። ልቤ አልቻለም። ከማንጎው ሥር ሆኜ፣ በጉልበቴ ሁሉ፣ «ምን በደልኩ!» አልኩ።

ወንድም፦ እታለም…

እኅት፦ ዝም አሉ። ከዚያ ሣቃቸውን ሰማሁት። ቅርንጫፉ በተቆረጠበት በኩል አዲስ የበቀለው አጥሩን ዳግመኛ ተሻግሯል፤ አይተኸዋል አይደል? ከእሱ ሁለት ማንጎ ቀጥፈው በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ። አንዱ ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ አለ፤ ላንተ ነው ያስቀመጥኩት።