ማሾና ፕሮፔን በአንድ ጠረጴዛ፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን መክፈቻ ንግግር፣ ጎንደር

የተከበራችሁ የመብራት ወዳጆች ማኅበራችን አባላት፣ ከአዘዞም ከሌላም የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

የዘንድሮው ጉባኤ ያለ ጭቅጭቅ አልተሰናዳም። «በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራው የፕሮፔን መብራት፣ በፓምፕ ከሚነፋው የነጭ ጋዝ ፋኖስ ከማሾ ጎን ይታይ?» ነው ነገሩ። «ፓምፕ የሌለው ምኑ መብራት ነው? ቁልፍ መጠምዘዝ ማንን ያቅተዋል?» ያላችሁ አላችሁ። እውነት ነው፣ ማሾ ሙያ ይፈልጋል። መጀመሪያ በስፒሪት ይሞቃል፣ ከዚያ ይነፋል። አራዳ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ በሠርግ ድንኳን ማሾ የሚያበራ ሰው ከሚዜው በላይ ይፈለግ ነበር።

ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ ይፈላል። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ተንኖ ነው። ማሞቂያና መንፊያ ስለቀረለት፣ ሠሪው ልቡን ቅርጹ ላይ ጣለ። አንዱ ሲሊንደሩ አናት ላይ ይቆማል። ሌላው እንደ አሜሪካኖቹ የሃምፍሬይ መብራቶች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጋዙ በቧንቧ ይመጣለታል። ባለ አንድ መረብ አለ፣ ባለ ሁለት አለ፤ መረብ ማለት በነበልባሉ ግሎ ብርሃን የሚሰጠው ስስ ከረጢት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የግድግዳዎቹን የሚያህል የለም።

ደግሞስ የሚያበራው መረብ የሁለቱም ዘመድ አይደል? ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባክ ነው ያመጣው፣ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ.። ኋላ ላይ 99 በመቶ ቶሪየም ኦክሳይድ፣ 1 በመቶ ሴሪየም ኦክሳይድ አደረገው። ቶሪየም ጨረር አለው። የድሮ መረብ ስትቀይሩ ዱቄቱን እፍ አትበሉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

አንድ ቅሬታ አለኝ። የአሜሪካው ኩባንያ የኮልማን ፋኖስ ታቹ ሲገለበጥ የተሠራበት ወር በአንድ በኩል፣ ዓመቱ በሌላ በኩል ተመትቶ ይገኛል። ዛሬ ጠዋት አንዱን ገልብጬ ባይ ቁጥሩ በብርማ ቀለም ተደፍኗል። በጥፍሬ ፍቄ 6 ቁጥርን አገኘሁ፣ የቀረው ጠፍቷል። የቀባው ወዳጄ ነው፣ ይስቃል እዚያ ጋ። እባካችሁ ቀለም ይብቃን! በመረቡ ፈንታ የኤሌክትሪክ አምፖል የምትገጥሙላቸውም እንደዚሁ ይብቃችሁ።

ማብራቱ ግቢ ነው። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ካመለጠ ወለል ላይ ይተኛል፤ አዳራሽ ውስጥ ክብሪት አይጫርም። መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፣ አረፋው ካበጠ ሲሊንደሩን ዝጉ።

ጠረጴዛው ላይ ሁሉንም ቀላቅለን ደርድረናል። ቅር ያለው ከምሳ በኋላ እኔን ያናግረኝ። ጉባኤው ተከፍቷል።