ጉኑንግ ሙሉ ለምን የዓለም ቅርስ ሆነ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከላሊበላ የደወሉ አድማጭ፦ «የእኛ አብያተ ክርስቲያናት የሰው እጅ ፈልፍሎ የሠራቸው ናቸውና በዓለም ቅርስነት መመዝገባቸው ይገባኛል። በማሌዥያ የሚገኘው የጉኑንግ ሙሉ ፓርክ ግን ዝናብ የቦረቦረው ዋሻ ነው። ማንም ያልደከመበት ነገር እንዴት ቅርስ ይባላል?»

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1972 የጸደቀው የዓለም ቅርስ ስምምነት የሰውንም የተፈጥሮንም ሥራ ያቅፋል፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች በ1978 አብረው መመዝገባቸው ለዚህ ምስክር ነው። በቦርኒዮ ደሴት የሚገኘው ጉኑንግ ሙሉ በ2000 የተመዘገበው ለተፈጥሮ ቅርስ የተቀመጡትን አራቱንም መስፈርቶች አሟልቶ ሲሆን፣ በደንቡ አንዱን ማሟላት ይበቃ እንደነበር ስናስብ ነገሩ ቀላል አይደለም። የዝናብ ውኃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ ደካማ አሲድነት ስለሚለወጥ የኖራ ድንጋዩን በረጅም ዘመን አሟሙቶ፣ እስከ ምዝገባው ድረስ ከተጠናው ብቻ ቢያንስ 295 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ ፈጥሯል። በውስጡ ያለው የሳራዋክ አዳራሽ 600 ሜትር ርዝመት፣ 415 ሜትር ወርድና 80 ሜትር ከፍታ አለው።

ከኮምቦልቻ የደወሉ አድማጭ፦ «ድንጋይ የትም አይሄድም። ታዲያ ይህ ሁሉ ጥበቃ ለምንድን ነው?»

መልስ፦ ድንጋዩ አይሄድም፤ በውስጡ ያለው ሕይወት ግን ይጠፋል። በዚያ ፓርክ «የአጋዘን ዋሻ» በሚባለው ውስጥ በመቶ ሺዎችና ከዚያም በላይ የሚቆጠሩ የሌሊት ወፎች ይኖራሉ፤ ሲመሽ በደኑ ላይ ነፍሳትን ለማደን ይወጣሉ፤ ወለሉ ላይ የሚከመረው ኩሳቸው ደግሞ በረሮዎችንና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታትን ይመግባል። በፓርኩ ዋሻዎች ጨለማን የለመደ ዓይነ ስውር ነጭ ሸርጣንም አለ። ደኑ ቢመነጠር የሌሊት ወፉ ምግቡን ያጣል፤ ኩሱም ይቋረጣል፤ የታጠበው አፈርም ከጎርፍ ጋር ወደ ዋሻው ይገባል። ስለዚህ ዋሻን ለብቻው አጥሮ መጠበቅ ከንቱ ልፋት ነው፤ 3,500 ገደማ የዕፅዋት ዝርያዎች ያሉበት ደንና 2,377 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ከዋሻው ጋር በአንድ ክልል መጠቃለላቸውም ተገቢ ነው።

ከወልድያ የደወሉ አድማጭ፦ «በአገራችን ዋሻ ሞልቷል፤ ይምርሃነ ክርስቶስም አለ። እኛስ?»

መልስ፦ የይምርሃነ ክርስቶስ ክብር በዋሻው ውስጥ በታነጸው ቤተ ክርስቲያን ነውና መንገዱ የባህል ቅርስ ነው። ከዋሻ ለዋሻ እናወዳድር ካልን የሚቀርበው በባሌ የሚገኘው ሶፍ ዑመር ነው፤ ኢትዮጵያም በጊዜያዊ የዕጩዎች መዝገብ አስገብታዋለች። ዋሻውን የቦረቦረው የዌብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች የሚወርድ በመሆኑ፣ ምንጩ ያለበት ብሔራዊ ፓርክ በ2023 መመዝገቡ ቢያስደስትም፣ የዋሻው የማስመዝገቢያ ሰነድ በምንጩና በዋሻው መካከል ያለውን የወንዙን መውረጃ አጠባበቅ በግልጽ ሊያሳይ ይገባል ባይ ነኝ።