ጦጣዋ ምን ብላ ነው የጮኸችው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው የቅዳሜ ጠዋት ዝግጅታችን፣ ጅማ ላይ የእንስሳት ባህርይ የሚያስተምሩ ባለሙያ በስልክ ለገቡ ጥያቄዎች መልስ ሰጥተውን ነበር። በአየር ላይ የተቆራረጠውን ጨምረን እነሆ።

አንድ ቡና ገበሬ፣ ከማና፦ ቡናዬ ጥላ ዛፍ ላይ ጦጣዎች አሉ። አንዳንዴ አንዷ ትጮኽና ሁሉም ይበታተናሉ። ልጆቼ «ጭልፊት አይታ ነው» ይሉኛል። ጩኸቱ ትርጉም አለው? ጦጣ ተጠይቃ አትመልስ፣ ሳይንቲስቶቹስ በምን ያውቃሉ?

አባባ፣ ልጆቹ ጥሩ ታዛቢዎች ናቸው። በኬንያ አምቦሴሊ የእኛዋን ጦጣ የቅርብ ዘመድ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ሮበርት ሴይፋርት፣ ዶሮቲ ቼኒና ፒተር ማርለር፣ እርስዎ የጠየቁትን ነው የጠየቁት። ጦጣዎቹ ነብር፣ ንስርና እባብ ሲያዩ የሚያሰሙት ጩኸት ይለያያል። ችግሩ ግን ነብሩ እዚያው ከቆመ፣ የቀሩት የሸሹት ነብሩን አይተው ይሁን ጩኸቱን ሰምተው መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ጩኸቱን ቀረጹት። ድምፅ ማጉያውን ቁጥቋጦ ውስጥ ደበቁና፣ ነብርም ንስርም በሌለበት ሰዓት አሰሟቸው። የነብሩን ጩኸት ሲሰሙ መሬት ላይ የነበሩት ወደ ዛፍ ሮጡ። የንስሩን ሲሰሙ ሽቅብ አንጋጠጡ፣ ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። የእባቡን ሲሰሙ ደግሞ ዙሪያቸውን መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ። እኔ በዚህ ሥራ የምወደው ድምፅ ማጉያውን አይደለም፤ ትዕግሥቱን ነው። ጦጣዎቹ ምንም ሳያደርጉ ዝም ቢሉ ኖሮ የተመራማሪዎቹ ግምት እዚያው ይወድቅ ነበር። እንስሳው «አይደለም» የሚልበት ዕድል ያልተሰጠው ጥያቄ፣ ጥያቄ አይባልም።

የኬንያውን ትርጉም እንዳለ አምጥቶ ማና ላይ መለጠፍ ግን አይገባም። የእርስዎን ጦጣዎች የሚያጠና ሰው ከሀ ሁ መጀመር አለበት።

አንድ ተማሪ፣ ከጂረን፦ ጉሬዛ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ካሜራም ሌላ መሣሪያም የለኝም።

እርሳስ፣ ደብተርና ሰዓት አለህ? ይበቃል። የሚያስቸግርህ የገዛ ዓይንህ ነው፤ ጠብና ዝላይ ወዳለበት ይሮጣል። ጉሬዛ ደግሞ ቅጠል በል ነውና አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ የበላውን ሲያብላላ ይውላል። ዓይንህን ካመንከው ደብተርህ በጠብ ይሞላል፣ ጉሬዛም ጠበኛ መስሎ ይቀርባል። ጄን አልትማን የተባለች አሜሪካዊት የዝንጀሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህን ጉድለት ፈትሻ መላ አስቀምጣለች። አንዱ መላ አንድ እንስሳ አስቀድሞ መርጦ፣ ደስ ቢልም ቢሰለችም ለተወሰነ ጊዜ እሱን ብቻ መከተል ነው። ሌላው በየዐሥር ደቂቃው መንጋውን በዓይን ጠርጎ እያንዳንዱ በዚያች ቅጽበት የሚያደርገውን መመዝገብ ነው።

አንዲት ተማሪዬ በመጀመሪያ ቀኗ «እናትየዋ አኮረፈች» ብላ ጽፋ መጣች። ምን አየሽ አልኳት። «ጀርባዋን ሰጠች» አለችኝ። እንግዲያው ጀርባዋን ሰጠች ብለሽ ጻፊ፣ ኩርፊያውን በኋላ እንፈልገዋለን አልኳት። በሦስተኛው ቀን ጉሬዛዋ ጀርባዋን የምትሰጠው ጠዋት ጠዋት ለፀሐይ መሆኑን ራሷ ደረሰችበት።

አንዲት አድማጭ፣ ከኪቶ፦ ውሻዬ ከሥራ የምመለስበትን ሰዓት ያውቃል። በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ።

ሊያውቅ ይችላል፣ እህቴ። ግን በር ላይ ያገኙትን ቀን ያስታውሳሉ፤ ያላገኙትን ይረሳሉ። ለሁለት ሳምንት በተለያየ ሰዓት ይመለሱ። መቼ እንደሚመጡ የማያውቅ ሰው ደግሞ ቤት ሆኖ ውሻው ያለበትን ቦታ በየሩብ ሰዓቱ ይጻፍ። «የማያውቅ» ያልኩት በምክንያት ነው። በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበር፤ የሒሳብ ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱን በሰኮናው መሬት እየመታ ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነገሩን አጋለጠ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ፈረሱም አያውቅም። ሃንስ ያነብ የነበረው የጠያቂውን ጭንቅላት ጥቂት ንቅናቄ ነበር፤ ባለቤቱ እንኳን ምልክት እየሰጠ መሆኑን አያውቅም።

ከሂርማታ የደወሉ እናት፦ በሁዳዴ ጾም ጅብ ይብሳል ይባላል። ተረት ነው?

ተረት አይደለም እናቴ፤ ቢያንስ ትግራይ ውስጥ ተጠንቷል። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከፋሲካ በኋላ የጅብ ዓይነ ምድር ሰበሰቡ። ጅብ ሥጋና አጥንት ይፈጫል፣ ፀጉር ግን አይፈጭለትም፤ ስለዚህ የበላው እንስሳ ፀጉር በማይክሮስኮፕ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ውጤት መሠረት የአህያ ፀጉር ድርሻ በጾሙ ወቅት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። እርድ ሲቆም የሚጣል አጥንትና ቅሪት ይጠፋል፣ ጅቡም ወደ አህያ ይዞራል። ከጅቡ ጋር ሳይገናኙ ማዕዱን ማወቅ ማለት ይህ ነው።

ጅማ ላይ ግን በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ሁሉ አይዘጋም፤ ስለዚህ የትግራዩን መልስ ለእኛ ጅብ አልሰጥም። የሚደፍር ተማሪ ካለ ጓንትና ማይክሮስኮፕ እናውሰዋለን። ሽታውን መቻል የራሱ ፋንታ ነው።