የደመራው ቁመት ስንት ነው?
ለመስቀል በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ የተደረገ ንግግር

ክቡራን አባቶች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን፣ የኮሚቴው እህቶቻችንና ወንድሞቻችን፤ እንደምን አመሻችሁ።

በአሜሪካ ከተሞች ደመራ ለማብራት ስለሚጠየቀው ፈቃድ እንድንናገር ጋብዛችሁናል። በየአጥቢያው የሚሰማው ቅሬታ «በዓላችንን ከለከሉን» የሚል ነው። ክፍት እሳት ጨርሶ የሚከለክሉ ከተሞች መኖራቸው እውነት ነው። ብዙዎቹ የሚመሩበት ኢንተርናሽናል ፋየር ኮድ የተባለው የእሳት ደኅንነት ደንብ ግን ደመራን ያውቀዋል። «ቦንፋየር» የሚለው ቃል በዚያ ደንብ ለበዓል ሥርዓት ከቤት ውጭ የሚነድ እሳት ማለት ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማመልከቻው ነው። «ባህላዊ ዝግጅት» ብለን እንሞላና ስለ እሳቱ አንድም ቃል አንጽፍም። ወይም «ትንሽ እሳት» እንልና ሜዳው ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ደመራ እናቆማለን።

ደንቡ እሳቱን በመጠን ለሁለት ይከፍለዋል። የማገዶው ስፋት ከ3 ጫማ፣ ቁመቱም ከ2 ጫማ ካልበለጠ ለሃይማኖት ሥርዓትም ቢሆን በትንሹ እሳት ይመደባል፤ ከሕንፃና ተቀጣጣይ ከሆነ ነገር 25 ጫማ፣ ማለትም 7.6 ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ የበለጠው ቦንፋየር ነው። ርቀቱ 50 ጫማ ይሆናል፤ 15 ሜትር ማለት ነው። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱም ቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ መስጠት አለበት። የየከተማው ማሻሻያ ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ሊሆን ስለሚችል የራሳችሁን ከተማ ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አብዛኛው ሰው ስለ ስፋቱ ይጨነቃል። የሚጥለን ግን ቁመቱ ነው። 2 ጫማ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም፤ ደመራ ደግሞ ተደግፎ የሚቆም ነገር ነው። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፦ ቦንፋየር ብሎ አመልክቶ 50 ጫማውን የሚያሟላ ሜዳ መፈለግ፣ ወይም ረጅሙን ደመራ ሳይለኩሱ ለዑደቱና ለጸሎቱ አቁሞ ትንሹን ራቅ አድርጎ ማብራት። ሁለተኛው ከሥርዓቱ ጋር ይስማማ እንደሆነ የሚወስኑት አባቶች ናቸው፤ እኛ የምንናገረው ስለ ልኬቱ ነው።

ለፋየር ማርሻሉ፣ ማለትም ለእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው፣ የምትሰጡት ሳይት ፕላን (የቦታው ንድፍ) በእጅ የተሳለ ቢሆንም ችግር የለውም። ቁጥሮቹ ግን ይኑሩበት፦ የደመራው ስፋትና ቁመት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ፣ ከአጥሩ፣ ከዛፎቹና ከመኪና ማቆሚያው ያለው ርቀት፣ ሕዝቡ ከኋላው የሚቆምበት ገመድ፣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት 20 ጫማ ስፋት ያለው መንገድ። እሳቱን የሚጠብቁትን ሰዎች ስምና ስልክም ጻፉ። ጠባቂ እሳቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ ከቦታው አይነቃነቅም፤ አጠገቡም 4-ኤ የሚል ምልክት ያለው ማጥፊያ ወይም አሸዋ፣ በርሜል ውሃ፣ ወይም ውሃ ያለበት የጎማ ቱቦ መኖር አለበት። ጎማው ከቧንቧው ጋር ተገጥሞ፣ ውሃው ተከፍቶ ይሞከር። አፉ የማይገጥም ጎማ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ቢቀመጥ ምን ይረባል?

ማገዶው ደረቅ፣ ቀለም ያልነካው እንጨት ይሁን። የፈረሰ ፓሌት (የዕቃ መጫኛ እንጨት) ምስማሩን ሣር ውስጥ ይተዋል፤ በማግስቱ ሕፃናት በባዶ እግር ይሮጡበታል። እርጥብ ቅርንጫፍ ጭሱን ወደ ጎረቤት ይሰደዋል፤ ጎረቤት 911 ይደውላል፤ የእሳት አደጋ መኮንኑም ጭሱ አስቸጋሪ ሆኖ ካገኘው ፈቃድ ቢኖራችሁም «አጥፉ» የማለት ሥልጣን አለው። አደይ አበባ እዚህ ስለማይገኝ የሚታሰረው ቢጫ የፕላስቲክ አበባና የፖሊስተር ሰንደቅ ሲነድ ቀልጦ ይንጠባጠባል፤ ሳይለኮስ በፊት ይውረድ። ዝናብ ከመጣ ደመራውን በሸራ ሸፍኑት፤ ከውስጥ ደረቅ ፍልጥ አኑሩ። እባካችሁ ቤንዚን አታርከፍክፉ። የቤንዚን ተን ከእንጨቱ ቀድሞ ይቀጣጠላል፤ የሚያገኘውም ችቦውን የያዘውን ሰው ነው።

ሕዝቡ ወደ እሳቱ የሚገፋው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ደመራው ወዴት እንደሚወድቅ ለማየት ነው። ስለዚህ ገመዱ ቢያንስ የምሰሶውን ቁመት እጥፍ ይራቅ፤ ይህ የደንቡ ቁጥር ሳይሆን የእኛ ምክር ነው። ሁለተኛው፣ ከሁሉ የምንፈራው፣ እሳቱ ሲበርድ ነው። አመዱን ግንባር ላይ ለመቀባት እናቶች ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ይጎነበሳሉ። ላዩ ግራጫ ነው፤ ከሥሩ ያለው ፍም ግን አልበረደም። አንድ ሰው በረጅም አካፋ ጥቂት አመድ ወደ ብረት ባልዲ ያውጣ፤ በውሃ ረጭቶና አቀዝቅዞ ከገመዱ ውጭ ጠረጴዛ ላይ ያድል። የቀረው አመድ ክዳን ባለው ብረት ዕቃ ይቀመጥ እንጂ ፕላስቲክ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ አይጣል።

ወደ ድንኳኑ እንለፍ። 10 በ10 ጫማ የሆነው ታጣፊ ድንኳን 100 ካሬ ጫማ ነው። ዙሪያቸው ክፍት ከሆነና ከሕንፃም ሆነ ከሌላ ድንኳን 12 ጫማ ከራቁ፣ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ እስከ ሰባት አጋጥሞ ማሰር ይቻላል፤ ስምንተኛው ፈቃድ ያስጠይቃል። ብርድ መጣ ተብሎ መጋረጃ ሲሰቀልበት ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚቻለው ስፋት ወደ 400 ካሬ ጫማ ይወርዳል፤ ያለ ፈቃድ የታሰረ አምስተኛ ድንኳን ደንብ መተላለፍ ይሆናል። ጀነሬተር ከድንኳን 20 ጫማ ይራቅ። ጧፍ፣ ችቦ፣ የቡና ከሰልና የዕጣን ማጨሻም በተለይ ካልተፈቀደ በስተቀር ከድንኳኑ ውጭ፣ በዚያው ርቀት ይሁኑ።

ምግቡ የጤና መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው፤ ለብቻው ማመልከቻ አለው። ቤት የተሠራ ወጥ አምጥቶ መሸጥ ባብዛኛው አይፈቀድም፤ ፈቃድ ያለው ኩሽና ያስፈልጋል። ትኩሱ ከ135 ዲግሪ ፋራናይት በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ41 በታች ይቆይ። ጥሬ ክትፎ ከዝርዝሩ ቢወጣ ይሻላል።

ጊዜውን አስቡበት። ብዙ ከተሞች ማመልከቻውን ከ60 እስከ 90 ቀን ቀድመው ይፈልጋሉ። ከመስከረም 16 ወደ ኋላ 90 ቀን ብትቆጥሩ ሰኔ 21፣ የእመቤታችን ዕለት ላይ ትደርሳላችሁ። በነሐሴ የተጀመረ ሥራ ዘግይቷል። ያምናውን ፎርም ቀኑን ሳታዩ አትገልብጡ፤ ደመራ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 26 ቢውልም በ2027 ግን 27 ላይ ነው። ቦታው የማን እንደሆነም አጣሩ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ብዙው መናፈሻ የፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው፤ የከተማው ወረቀት እዚያ አይሠራም። የኢንሹራንስ ሰርተፊኬቱም ላይ የከተማው ስም እነሱ በሰጡት አጻጻፍ፣ «አዲሽናል ኢንሹርድ» (ተጨማሪ የመድን ተጠቃሚ) ተብሎ ይስፈር። ስሙ ከታች በአድራሻ ቦታ ብቻ ስለተጻፈ የተመለሰ ብዙ ነው።

በዕለቱ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ከእሱ ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ፈቃዱ፣ ሳይት ፕላኑና የድንኳኑ እሳት የመቋቋም ማረጋገጫ በእጁ ይኑሩ፤ ወረቀቱ ቢሮ ተቆልፎበት ቁልፉ ቅዳሴ ላይ ካለ ዲያቆን ኪስ አይሁን። ነፋስ ከበረታ ወይም የእሳት ክልከላ ከታወጀ ፈቃዱ በዚያው ቀን ሊሻር ይችላል። ያኔ ጸሎቱና ዝማሬው ሳይለኮስ እንዴት እንደሚፈጸም አባቶች ከአሁኑ ይወስኑልን፤ ውሳኔውን በዓሉ ሊጀመር ስድስት ሰዓት ሲቀረው መዘምራኑ ይወቁት።

ሳይት ፕላኑን ለመሳል ሜትሩና ወረቀቱ እዚህ አለ። ዛሬ ማታ ሳንበተን ከኮሚቴው የምንፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ የደመራው ቁመት። እሱ ሳይታወቅ ገመዱም፣ ሜዳውም፣ ፎርሙም አይሞላም።